የቀረሶ ጆሮ

ይህ ፕሮጀክተር፣ ድሮ፣ ሽምብጥ ቪዲዮ ቤት ነበረ፤
በነጭ አቡጀዲ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ሲያሯሩጥ የኖረ።
ጎል ሲገባ ቆርቆሮው ይነሣል፣
አግዳሚው ይሰበራል፣
ከሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ላይ ያደረ ጋጋኖ ሁሉ ይበራል።
እኔ እንየው ነኝ፤ ያኔ ትኬት ቆራጭ፣ ኋላ አምፖል ቀያሪ፣
ዛሬ ደግሞ፣ ደብሬ እንደምትለው፣ ብርሃን አሳጣሪ።

ደብሬ ዓሣ ታጠናለች። አንድ ቀን በመድኃኒት ብልቃጥ
ይዛ መጣች አንዲት ጠጠር፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣
ከቀረሶ ጆሮ ሥር የወጣች።
«ዕድሜውን በዚች ይጽፋል፣ ሚዛኑን በዚች ይጠብቃል፤
ጉብታዋን፣ ስርጉዷን፣ ሳንነካት መለካት ይቻላል?»

እኔ ምን አውቄ! ፕሮጀክተር የለመደው ማጉላት ነው፤
ራቅ ብሎ መወርወር፣ ግድግዳ መሙላት ነው።
ከአንድ ሜትር ወዲህ ስታቀርበው ይደናበራል፣
መስመሩ ከመስመር ተቀላቅሎ እርጎ ይመስላል፤
እንደ ሽማግሌ፣ ማዶ ያለውን ፍየል ይቆጥራል፣
የገዛ መዳፉን አያይም።

መነጽር ያስፈልገዋል አልሁ።
መጀመሪያ ያባቴን፣ ሦስት ቁጥሩን፣ ደቀንሁበት፤
ምስሉ መዳፍ አከለ፤ ጠርዙ ላይ ግን ቀስተ ደመና በቀለበት።
ሁለተኛውን፣ ፖሊ በር ላይ ከሞተ ፎቶኮፒ ሆድ አወጣሁ፤
የውሃ ቱቦ በመጋዝ ቆርጬ ማቀፊያ ቀለበት ሠራሁ፤
ውስጡን፣ ብርሃን እየተላተመ እንዳይዋሽ፣
ከሊስትሮ በገዛሁት ጥቁር ቀለም፣ እንደ ጫማ፣ ቀባሁ።

ግማሽ ሚሊ ወደ ፊት፦ ጭጋግ።
ግማሽ ሚሊ ወደ ኋላ፦ ጭጋግ።
መሐል ላይ፣ ከጥፍር ያልወፈረች፣ አንዲት የጠራች መሬት፤
ጠጠሯ እዚያች ላይ ትቆማለች፤ ወዲህም ወዲያም የላት።

እሷ ደግሞ ታብለጨልጫለች፤ ብርሃን ትመልሳለች እንጂ አትይዝ።
ደብሬ የጠመኔ ብናኝ በመዳፏ ይዛ እፍ አለችባት፤
እንደ ክርስትና ልጅ ነጭ አለበሰቻት።

ከዚያ መስመሩ መጣ። በመጀመሪያ ግማሽ ጥቁር፣ ግማሽ ነጭ፤
ቀጥሎ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት፣
እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ እስከ ፈትል።
ካሜራው ከጎን፣ በሰያፍ፣ ቆሞ ይታዘባል።
ቀጥ ያለ መስመር ዝም ነው፤ ምንም አይናገር፤
ሲጎብጥ ነው የሚያወራ፣ ጉብታ ላይ ሲሰበር።
(ሰውም እንዲሁ ነው ልል ነበር፤
ደብሬ ተረት አትወድም፤ ተውሁት።)

ሰባተኛው ላይ ሲኖትራክ አለፈ፤ ጠረጴዛው ራደ።
እንደገና።
ዘጠነኛው ላይ የሐይቅ ትንኝ ሌንሱ ላይ አረፈች፤
በክንፏ ጥላ፣ የሌለ ተራራ ሠራች።
እንደገና።
ዐሥረኛው ላይ መብራት ሄደ።

በጨለማው ተቀመጥን። ውሃው ድንጋዩን ይልሳል፤
ከሩቅ ጉማሬ ያጓራል።
«ስንት ዓመቱ ነበር?» አልኋት።
«ስምንት ይሆናል።»
ስምንት! ያኔ ቪዲዮ ቤቱ አልተዘጋም፤
በዚያ በመለያ ምቱ ሌሊት፣ ሽምብጥ ውስጥ የተኛ የለም።
ጩኸታችን ውሃ ገብቶ፣ ሸምበቆ ሥር ደርሶ ይሆን?
ይህ ጆሮ ሰምቶን ይሆን?
«ዕድሜ ይጽፋል እንጂ ወሬ አይጽፍም» አለች ደብሬ፤
ለማለት ግን ዘገየች።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መብራቱ ተመለሰ።
መስመሩ እስከ መጨረሻው ፈሰሰ።
ጠጠሯም ወጣች፣ ስክሪን ሙሉ፦ ገደል፣ እርከን፣ ቁልቁለት፤
መሐሏን የሰነጠቀ ሸለቆ፣ ዳር ላይ የሚከፈት፣
ዓባይ ጣናን ጥሎ ሲወጣ እንደሚያደርገው።
መንደር ያስጮኸ ብርሃን፣ ለምስር ፍሬ ጎንበስ ብሎ አየሁት፤
እጄን አስገብቼ፣ ጥፍሬ ላይ፣ መስመሮቹን ቆጠርኋቸው።

ደብሬ ጠመኔውን አጠበች፣ ብልቃጡን ዘጋች፣
ቁጥር ጻፈችበት፣ ከቦርሳዋ ሌላ አወጣች።
«ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ይቀራል» አለች።